ድስት ያማሰለችው ልጃችን አላፈረችም፤ ያፈርነው እኛ ነን

ርእሰ አንቀጽ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻ ሰዓት፣ ስለ ዘበኛ ደመወዝና ወርኃዊ መዋጮ ስላልከፈሉ አባላት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ተማሪ የክረምት ሥራ እንጽፋለን። «ይህ ደግሞ የማኅበር ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን የማኅበር ጉዳይ መሆኑን ያየዋል፤ እንዲያውም የእያንዳንዳችን የሆድ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከታችኛው በር ወዲህ የምትኖር የአንዲት አባላችን ልጅ በአንድ ኮሌጅ የምግብ ዝግጅትና የሆቴል ሥራ ትምህርት ትከታተላለች። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ከማስመረቁ በፊት በክረምት ለሁለት ወር ወደ ሥራ ቦታ እየላከ ያለማምዳቸዋል፤ ልጆቹ «አፓረንት መውጣት» ይሉታል። ጓደኞቿ ቦሌ አካባቢ ወዳሉት ትላልቅ ሆቴሎች ሲሯሯጡ የእሷ ዕጣ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርስቲ የተማሪዎች ምግብ ቤት ላይ ወደቀ። ምግብ ቤቱ ከመቀበሉ በፊት ከምትኖርበት ሰፈር የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አላት፤ ልጅቷም ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣች።

እኛ ምን አደረግን? እውነቱን እንናገር። ደብዳቤውን ዘጠኝ ቀን አቆየነው። «ልጄ፣ ቆይ እስቲ፤ ከሚያውቁን ሰዎች ጋር ተነጋግረን ቢሮ ውስጥ የሚያስቀምጥሽ ቦታ እንፈልግልሽ» አልናት። መልካም ያደረግን መስሎን ነበር። በልባችን የነበረው ግን ሌላ ነው። ኮሌጅ የገባች ልጅ ተመልሳ ሽንኩርት ስትልጥ ማየት ለሰፈሩ ውርደት ሆኖ ታየን። ከኮሚቴው አንዱማ «ይህን ለመማር ኮሌጅ ምን አስፈለጋት? እናቷ ጓዳ አትማረውም ነበር?» ብሎ አሳቀን። ሳቅን። የሳቅነውም እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር።

እናቲቱን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። እሷም ብትሆን ነገሩን አልወደደችውም። «እኔ ዓይኔን በጭስ ያጠፋሁት አንቺ ጭስ እንዳታዪ ብዬ ነው» አለቻት። ልጅቷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ እኔኮ ያደግሁት በዚያው ጭስ ነው። ምን ያሳፍረኛል?» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ራሷ መጥታ «ደብዳቤውን ጻፉላት» ብላን ሄደች። ጻፍን፤ ማኅተምም አደረግን። ከፍርሃታችን የተነሳ ግን «ተስማሚ ሥራ ላይ እንድትመደብ» የሚል ቃል ጨመርንበት። ተስማሚ ሥራ ማለታችን ምን እንደነበረ ዛሬ ብንጠየቅ መልስ የለንም።

በሐምሌና በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ልጅቷ ሠርታ ተመለሰች። ያየችውን ከእሷው አፍ ሰምተን ነው የምንጽፈው። አንዳንዱን እኛም የምናውቀው ነው፤ አንዳንዱ ግን ለእኛ አዲስ ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ ብዙዎቻችን በክረምት ዩኒቨርስቲ የሚዘጋ ይመስለናል። አይዘጋም። መደበኛ ተማሪዎች ሲወጡ የክረምት ተማሪዎች ይገባሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በበጋ የእኛን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። ስለዚህ ድስቱ አይበርድም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ መብራት ያበራል፤ ቁርስ በ12 ሰዓት ተኩል መድረስ አለበትና። ጧት ዳቦ በሻይ፣ ሲቀናም ፍርፍር ወይም ሩዝ፤ ምሳና እራት እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በድንች፣ ቀኑ ሲሆንም በሥጋ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይሠራል። ሥጋ ሲኖር የክርስቲያኑና የሙስሊሙ በየራሱ ድስት፣ በየራሱ ጭልፋ ነው። ይህን ስትነግረን «እኛስ በሠርግ እንዲሁ አይደለም የምናደርገው?» አልናት። «እናንተ የምታደርጉት ለመቶ ሰው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ እነሱ በየቀኑ ለሺህዎች ነው» ብላ መለሰችልን። ልክ ናት።

ሁለተኛ፣ የገንዘቡን ነገር ልብ በሉ። ለአንድ የዩኒቨርስቲ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው የምግብ ሒሳብ ለረጅም ጊዜ 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ነው ወደ 100 ብር ያደገው። እስቲ ለሦስት እናካፍለው፤ ለአንድ ገበታ 33 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳል። ከጉልት አንድ እንጀራ በስንት እንደምትገዙ ታውቃላችሁ። በዚያች 33 ብር ጤፉም፣ ዘይቱም፣ በርበሬውም፣ ሽንኩርቱም መገኘት አለበት። ቀድሞ በ22 ብር፣ ማለትም ለአንድ ገበታ ከ7 ብር ከ33 ሳንቲም፣ ምን ይበስል እንደነበረ መገመት ለእናቶች አያስቸግርም። ልጆቻችን ለዕረፍት ሲመጡ ስለ ካፌ ወጥ ቅጥነት የሚነግሩን ቀልድ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በወጥ ሠሪዎቹ ላይ ስንጥል ኖረናል።

ብዙ ወላጅ «የመንግሥት ምግብ ነው፣ ነጻ ነው» ሲል እንሰማለን። ይህም ስሕተት ነው። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ልጆቻችን የሚፈርሙት ውል ይህ ነው። እንግዲህ ትሪ ላይ ቀርቶ ወደ ቆሻሻ የሚደፋው እንጀራ የማንም ያልሆነ እንጀራ አይደለም። ልጅቷ በክረምቱ ከተሰጣት ሥራ አንዱ ተመልሶ የሚመጣውን ትርፍራፊ በሚዛን እየመዘነች በደብተር መጻፍ ነበር። ሒሳቡን እኛም ሠራነው፤ ሦስት ሺህ ተማሪ በአንድ ምሳ ግማሽ ግማሽ እንጀራ ቢተው አንድ ሺህ አምስት መቶ እንጀራ ነው። እናቷ ይህን ስትሰማ «ይህ እኮ የእኔ የስንት ቀን ጋገራ ነው!» ብላ አማተበች።

ሦስተኛ፣ የንብረት አያያዙ። ወደ ግምጃ ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። የሚወጣውም እንዲሁ በሞዴል 22 ነው። ዛሬ ስንት ኪሎ ምስር እንደወጣ፣ ስንት ሊትር ዘይት እንደቀረ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። ቀማኛ በዚህ ብቻ ይጠፋል አንልም፤ ወረቀት ባለበት ግን ጠያቂ ይኖራል። የእድራችን ዕቃ ቤትስ? ባለፈው ቆጠራ ስምንት ጭልፋና ሁለት ብረት ድስት ጎድሎ ተገኝቶ «ማን ወሰደው?» ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ሰማይ ነበር ያየው። ጸሐፊው እኛ ነን፤ ደብተሩን በደንብ ያልያዝነውም እኛ ነን።

አራተኛውና ዋናው የጤና ነገር ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል።

ልጅቷ የተማረችው ነገር ቀላል ነው፤ ለማድረግ ግን ልማድን መስበር ይጠይቃል። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደጋለ መቆየት አለበት፤ አለዚያም ከ5 ዲግሪ በታች መቀዝቀዝ አለበት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ለብ ብሎ ሲቆይ፣ ተህዋስያን ይራባሉ። ስለዚህ የበሰለ ምግብ በቤት ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ይህ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ነው። ትልቅ ድስት ደግሞ ከትንሽ ድስት የባሰ ነው፤ ላዩ ቢቀዘቅዝ ውስጡ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ያድራል። «ጧት እናፈላዋለን» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። አንዳንዱ ተህዋስ የሚተወው መርዝ ሲፈላ አይጠፋም። ወጡ ይፈላል፣ ይሸታል፣ ያምራል፤ መርዙ ግን አብሮ ይቀርባል።

ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ አይከተፍም። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲመጡ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ከነኩ፣ ስልክ ካነሱ፣ ሥጋ ከያዙ በኋላ ሁሉ። ቀለበት ይወልቃል። ጣቱ የተቆረጠ ሰው ቁስሉን ሳይሸፍን ሊጥ አይነካም። ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ወጥ ቤት አይገባም። ይህን ሁሉ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ይህን ያስተማሯት የዩኒቨርስቲው ወጥ ሠሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ እንደ እኛ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፉ ሴቶች ናቸው።

ታዲያ ይህ የእኛ ጉዳይ የሚሆነው እንዴት ነው?

በዚህ በመስከረም በሰፈራችን ሐዘን ነበር፤ ሁላችሁም ደርሳችኋል። እንደ ወጋችን እድርተኛው ድስቱን አወጣ፣ ድንኳኑን ተከለ፣ ወጡ ተሠራ። ማታ ሰው ሲበተን ከወጡ ሁለት ትልልቅ ድስት ተረፈ። ክዳኑ ተከደነ፤ ድስቱም ለነገ ለቀስተኛ ተብሎ ድንኳኑ ጥግ እንዲያድር ተደረገ። ልጅቷም ሳህን ታጥብ ነበርና ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ይህ እንዲህ ሆኖ ቢያድር ሰው ያማል። በትንንሽ ድስት ከፍለን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እናቀዝቅዘው፤ ባይሆንም ለጎረቤት እናካፍለውና ነገ አዲስ እንሥራ» አለች። ምን ተባለች? «ገና ትናንት የተወለደች! እኛ ሃያ ዓመት ስንሠራ ማንን ገደልን?» ተባለች። ከእኛም ከኮሚቴው አባላት ሦስት ሰዎች እዚያው ነበርን። አንገታችንን ደፋን፤ አንድ ቃል አልተናገርንም። ድስቱም እንዳለ አደረ።

በማግሥቱ ስንት ሰው ሆዱን እንደታመመ የምታውቁት ናችሁ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሞተ የለም። ነገር ግን አንድ አረጋዊ አባላችን ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተደርጎላቸው ተኝተዋል፤ አንዲት ነፍሰ ጡርም ተደንግጦላት ነበር። ሐኪሙ ከምግብ መሆኑን ለቤተሰቡ ነግሯል። ዓምና በሌላ ሐዘን ቤትም ተመሳሳይ ነገር ሆኖ «ብርድ ነው»፣ «ሰው ዓይን ነው» ብለን ማለፋችንን አስታውሱ። ዘንድሮ ግን ማለፍ አንችልም፤ አስቀድሞ የነገረን ሰው ነበረና። ሳያውቁ ማጥፋት አንድ ነገር ነው። ተነግሮን፣ ሰምተን፣ ነጋሪዋ ልጅ ስለሆነች ብቻ ዝም ማለታችን ግን የምንጠየቅበት ነው። በዚህ አጋጣሚ የታመሙትን አባላት ሁሉ፣ ልጅቷንም፣ እናቷንም በዚህ ሰሌዳ ላይ በይፋ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ወጥ የሚሠሩልንን እናቶች ለመውቀስ ይህን አልጻፍነውም። እነሱ ጉልበታቸውን፣ እንቅልፋቸውን፣ ቀናቸውን ያለ ክፍያ ይሰጡናል። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነሱት፣ መጨረሻ የሚተኙት እነሱ ናቸው። ጥፋቱ ማቀዝቀዣ ሳንገዛ፣ ትንንሽ ድስት ሳናሟላ፣ ሳሙና እንኳ ሳናስቀምጥ «ሥሩ» ያልነው የእኛ የአመራሩ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። የእኛ ሰው ምግብ ሠሪን የሚያይበት ዓይን መስተካከል አለበት። በልተን «እጅሽ ይባረክ» እንላለን፤ ልጃችን ያንን ሥራ ልትይዝ ስትል ግን ፊታችን ይጠቁራል። አገራችን ለሆቴልና ለምግብ ሥራ ራሱን የቻለ ማሠልጠኛ የከፈተችው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው በዚህ ሙያ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አስተምሮ፣ አገር ውስጥም ውጭም ተከብሮ ይኖራል። በከተማችንም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ተስፋፍቶ ከየሰፈሩ እናቶች የሥራ ዕድል አግኝተዋል፤ ልጆቻችንም እነሱ ያበሰሉትን ቁርስና ምሳ በልተው ይማራሉ። ለሺህ ሕፃን የሚያበስል ሰው ከሐኪም የማያንስ ኃላፊነት ተሸክሟል። ሐኪሙ የሚያክመው የታመመውን ነው፤ እነዚህ ሲሳሳቱ ግን ጤነኛው ሁሉ አንድ ላይ ይታመማል።

ልጅቷ የደረሰባት ቅሬታም አለ፤ እሱንም አንሸሽገውም። መጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማንም ምንም ሳያሳያት ሽንኩርት ስትልጥ ብቻ ነው የከረመችው። እንድትከታተላት የተመደበችው የኮሌጁ መምህርት በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቀን መጥታ ፈርማ ሄዳለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሥራ ለመድረስ ታክሲ ስለማይገኝ ልጅቷ አንዲት ወጥ ሠሪ ቤት ውሎ አዳሪ ሆና ነው የሠራችው፤ ለትራንስፖርት ሳንቲም አልተሰጣትም። ልምምድ ትምህርት ነው፣ ደመወዝ አይጠየቅበትም የሚል ቢኖር እንቀበል። ነገር ግን ሙሉ ሰው የሚሠራውን ሥራ ለሠራ ተማሪ የታክሲና የምሳ ወጪ መሸፈን ለማንም ተቋም አይከብድም። መምህርም ተማሪውን ልኮ መርሳት የለበትም። ልጅን ሥራ ቦታ መጣልና ሥራ ማስተማር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዲት አዛውንት ወጥ ሠሪ «ነይ ልጄ፣ ዝም ብለሽ አትላጪ፤ ቁሌቱን እይ» ብለው ወደ ምድጃው ወሰዷት። ለስምንት መቶ ሰው የሚሆን ሽንኩርት ሳያር እንዴት እንደሚቁላላ፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባ፣ ሽሮው እንዳይጓጉል ማማሰያው እንዴት እንደሚዞር ያሳዩአት እሳቸው ናቸው። ስትሰነባበታቸው «እኔ በዚህ ዓመት ጡረታ እወጣለሁ፤ እጄን ላንቺ ትቼልሻለሁ» እንዳሏት ነግራን እንባዋ መጣ። እኛ ይህን ስንሰማ ያ ዘጠኝ ቀን ያቆየነው ደብዳቤ ትዝ አለን። ትንሽ ብንገፋበት ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ወቀሳና ትዝታ ብቻውን ሥራ አይሆንም። የሥራ አመራር ኮሚቴው ተሰብስቦ የሚከተሉትን ለጠቅላላ ጉባዔ አቅርቧል፤ ተመካከሩባቸው።

1ኛ. ከዛሬ ጀምሮ በሐዘንም ሆነ በደስታ ቤት ማኅበሩ የሚሠራው ወጥ ለዚያው ገበታ የሚበቃ እንዲሆን፤ የተረፈው ሳይቀዘቅዝ ለጎረቤትና ለችግረኛ እንዲታደል፤ በድስት ሙሉ ማሳደር እንዲቀር።

2ኛ. ማሳደር ግድ ሲሆን ወጡ በትንንሽ ድስት ተከፍሎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ፣ ማቀዝቀዣ ባላቸው ጎረቤቶች ቤት እንዲቀመጥ፤ ለዚህ ፈቃደኛ የሆኑ ቤቶች ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያሳውቁን። ለአሥር ትንንሽ ድስት መግዣ ከእድሩ ተቀማጭ እንዲወጣ።

3ኛ. ድንኳን በተተከለበት ሁሉ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ከወጥ ቤቱ አጠገብ እንዲቀመጥ፤ ለጥሬ ሥጋና ለአትክልት ሁለት የተለያየ መክተፊያ እንዲገዛና ምልክት እንዲደረግበት።

4ኛ. የዕቃ ቤቱ ንብረት ገቢና ወጪ በደብተር እንዲያዝ፤ የሚወስድ ሰው ፈርሞ እንዲወስድ፣ ሲመልስም እንዲሰረዝለት። ይህን ጸሐፊው ራሱ በኃላፊነት ይዟል፤ ቢጎድል እኛን ጠይቁን።

5ኛ. ልጅቷ ለወጥ ሠሪ እናቶቻችን ያየችውን እንድታካፍል አንድ የእሑድ ከሰዓት እንዲመደብ። እናቶቻችንም ለእሷ የሚያስተምሯት እንዳለ አንጠራጠርም፤ በእንጨት እሳት ለሁለት መቶ ሰው አብስሎ በሰዓቱ ማድረስ በኮሌጅ መጽሐፍ ላይ የለም።

6ኛ. ማንኛውም የሰፈራችን ተማሪ ለልምምድ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተጽፎ እንዲሰጠው። ሥራውን እየመረጥን ደብዳቤ አናዘገይም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ በመጪው ክረምት ልምምድ ሲወጡ የሚሄዱበትን ቦታ ስም አይታችሁ አትናደዱ። «እዚያ ማን ያስተምርሃል? ምን ትሠራለህ? በስንት ሰዓት ትገባለህ? ማታ በምን ትመለሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ሌሊት የሚገቡ ሴቶች ልጆች ደኅንነታቸው የሁላችንም ሐሳብ ነው፤ መኪና ያላችሁ አባላት ተራ ገብታችሁ ብታደርሱአቸው ትልቅ ውለታ ነው። ተማሪዎችም፣ ሽንኩርት ላጡ ብትባሉ ላጡ፤ ግን ዓይናችሁ ምድጃው ላይ ይሁን። ያያችሁትን በደብተር ጻፉ። ስትመለሱ ደግሞ ለሰፈራችሁ ንገሩ፤ ባንሰማችሁም ደግማችሁ ንገሩ።

እናቲቱን ትናንት እንጀራ ልንገዛ ሄደን አገኘናት። ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ የሊጡን ቡሆቃ በሳሙና ታጥባለች። «አሁን ደግሞ ምጣዴንም ልትቆጣጠር ነው» አለችን እናትየው፤ እየሳቀች ነበር። እኛም የዛሬውን ሳቅ ከዚያን ቀኑ ሳቃችን ጋር አስተያይተን ዝም ብለን እንጀራችንን ተቀብለን ወጣን።

ጠቅላላ ጉባዔው በመጪው እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ይደረጋል። ለሻይ የሚሆን ስኳርና ቅጠል ከማኅበሩ ነው፤ ስኒ ግን እየያዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት